ደምሴን ከማንጎው ሥር አምጡልኝ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የቆምኩት ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ነው። ማይኩን ቶሎ አትቀሙኝ፤ በአንድ ሰው ላይ የተፈረደ ፍርድ አለ፣ እሱን ሳላነሣ አልቀመጥም።

ታውቁኛላችሁ። ከወሎ በሰፈራ መጥቼ እዚሁ አሶሳ ማሽላ ሳርስ ያረጀሁ ነኝ። ሲጋራ በአፌ ዞሮ አያውቅም። የሚያጨሰው ባሌ ደምሴ ነበር፤ ሳሉ ግን እኔን ያዘኝ። አዲስ አበባ ተልኬ ሐኪሟ የሳንባ ካንሰር ነው፣ አጥንትም ውስጥ ገብቷል አለችኝ።

ያኔ ጌታን በስሙ እንጂ በሥራው አላውቀውም ነበር። ጸሎቴም ክስ ነበር። እሱ አጭሶ እኔ ልሳል? ይሄ ምን ዓይነት ዳኝነት ነው? እለው ነበር።

ቤቴ ልትጸልዩልኝ የመጣችሁ ዕለት ደግሞ ከእናንተ አንዱ ደምሴን፣ «በጭስህ ገደልካት» አለው። ሌሎቻችሁ ዝም አላችሁ። ደምሴ ማጨሱን ተወ፤ እዚህ ጸሎት ቤት መግባትም ተወ። እኔን በሩ ላይ አድርሶ ውጭ ማንጎው ሥር ይቀመጣል።

ከሳንባዬ ቆንጥረው የወሰዱት ሥጋ ተመረመረ። ሐኪሟም፣ «እማማ፣ አንድ ኪኒን አለ፤ ለሁሉም ሳንባ ካንሰር አይሆንም፤ ለእርስዎ ዓይነት ግን ይሆናል» አለችኝ። ስለ ደምሴም ጠየቅኳት። «ይሄ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ የማያጨሱትን ነው የሚይዘው። የባልዎ ጭስ ነው ብዬ አልፈርድም» አለች። ልጆች፣ ማጨስ ደህና ነው አላልኩም። ሐኪም ያልፈረደውን ግን እናንተ ፈረዳችሁ።

ኪኒኑ በየቀኑ ነው። ፊቴ በሽፍታ ሲሞላ ቫዝሊን የሚቀባኝ፣ ተቅማጥ ሲያጣድፈኝ ልብሴን የሚያጥበው ደምሴ ነው። ጎረቤት ሲስቅበት፣ «አጥባችሁ የማታውቁ፣ የሚስቶቻችሁ ልብስ ምን ቀለም እንደሆነ ታውቃላችሁ?» ይላቸዋል። ጠዋት ኪኒኑን በመዳፉ ይዞ ይመጣና፣ «ዋጪ አንቺ ዳኛ፣ ገና ስንቱን ትከሺያለሽ» ይለኛል።

አንድ ጠዋት ያንን መዳፍ እያየሁ፣ ፍርድ ስጠይቅ ምሕረት እንደተሰጠኝ ገባኝ። ክሴን ትቼ አለቀስኩ። ጌታን ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው። ስሙ ይባረክ!

ዛሬ ሳሉ የለም። መንጌ ወረዳ ድረስ ሄጄ ለቅሶ ደርሼ መጣሁ። ስሙ ይባረክ! ግን አልዋሻችሁም፤ ሐኪሟ በሽታው ተኝቷል እንጂ ጠፍቷል አላለችም። ኪኒኑን አልተውም፤ እሱንም የሰጠኝ ጌታ ነው። ጸልያለሁ ብሎ መድኃኒቱን የሚጥል ካለ ከእኔ ጋር ይጣላል። በጌታ ታመኑ፣ መድኃኒታችሁንም ዋጡ።

አሁን ደምሴ ማንጎው ሥር ሆኖ ይሰማኛል። ያን ቃል የተናገርከው ወንድሜ፣ ስምህን አልጠራም። ሂድና እጁን ይዘህ አስገባው። እስኪገባ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ሳንባዬ አሁን ይችላል።