ራሱ የሚያነሳው ስልክ

ያ ቅዳሜ እንደ ሌላው ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ዘነበ፣ ከዚያ ፀሐይ ወጣች። ወንድሜን ኮምፒውተሩን ከግድግዳው ስቦ፣ ጀርባውን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ተንበርክኮ አገኘሁት።

«ና እስቲ» አለኝ። «ሮዙ ገመድ የሚያወራው ነው፤ ማይኩ። አረንጓዴው የሚያሰማው ነው፤ ስፒከሩ። ስንቴ ልንገርህ?»

«አውቀዋለሁ፣ ጋሼ።»

«ካወቅህ ባለፈው እሑድ ለምን አቀያየርካቸው? እህትህ እኮ ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ሃሎ ስትል ነው ያረፈደችው።»

ሦስት ነበርን። እሱ ታላቅ፣ እህታችን መሐል፣ እኔ መጨረሻ። እህቴ መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ነበረች። እሱ እዚሁ አምቦ ውስጥ በአንድ ማሠልጠኛ ኮምፒውተር ያስተምራል፣ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ የተበላሸ ይጠግናል። የቤታችንን ኮምፒውተር ሰው ከጣለው ዕቃ ለቃቅሞ ነው የሠራው። የጎን ክዳን አልነበረውም። እናቴ ሆዱ ተከፍቶ ማየት ስለማትወድ ዳንቴል ታለብሰው ነበር፤ ቴሌቪዥን እንደሚለብሰው። ማታ ማታ ዳንቴሉን አልብሳው ነው የምትተኛው።

ነገሩ የመጣው ከሰላምታ ነው። እኛ አገር ሰላምታ ረጅም ነው። በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ፣ ከሰው ተጀምሮ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ከብት፣ ከከብት ዝናብ ይጠየቃል። እህቴ በተራው የቤት ስልክ ስትደውል አባቴ የግድግዳውን ሰዓት እያየ ከእናቴ አጠገብ ይቆማል። እናቴ ገና ጎረቤቶቹ ላይ ሳትደርስ «በቃ፣ በቃ፣ ልጅቷን ብሯን አታስጨርሻት» ይላል። እናቴ ስልኩን ትዘጋና «ምኑን አወራኋት!» ብላ ጓዳ ትገባለች። ወንድሜ ይህን ብዙ ጊዜ ሲያይ ቆየ።  አንድ ቀን አዲስ አበባ ካለ ጓደኛው አንድ ሲዲ ይዞ መጣ።

ሲዲው ላይ የነበረው በኢንተርኔት ስልክ የሚያስደውል ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተር ለኮምፒውተር ያነጋግራል። ዋጋ የለውም። ከዚያም በላይ ኮዱ ክፍት ነው፤ የሚችል ሰው ገልጦ አንብቦ፣ ያልተመቸውን ለራሱ ቀይሮ ይጠቀምበታል። ወንድሜ ይህን ሲነግረን እንጀራውን መብላት አቋርጦ ነበር።

«ማን ሠራው?» አለች እናቴ።

«ብዙ ሰው። የማይተዋወቁ ሰዎች፣ በየአገራቸው ሆነው። እንደ ደቦ በይው፣ እማዬ።»

«ደቦ ከሆነ ምሳውን ማን አበላቸው?»

አባቴ ሳቀ።  ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ እምቢ ባለው ቁጥር እናቴ «ምሳ ስላልበሉ ነው» ትል ነበር።

ለእህቴ ሲዲውን ገልብጦ ከአንድ ማይክ ጋር ላከላት። እሷም የዩኒቨርሲቲውን የኮምፒውተር ክፍል የሚጠብቁትን ሰውዬ ለምና፣ እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እንድትደውል ተፈቀደላት። በእኛ በኩል ሞደሙ፣ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት የሚያገናኘው ሣጥን፣ በስልክ መስመራችን ይገናኛል። ሲገናኝ ይጮኻል፤ መጀመሪያ እንደ ፉጨት፣ ከዚያ ቆርቆሮ እንደሚፋቅ። ከዚያ ጸጥ ይላል፤ ቀጥሎ የእህቴ ድምፅ ይመጣል። እየተቆራረጠ፣ አንዳንዴ ከባልዲ ውስጥ እንደሚወጣ። ግን ይመጣል። እናቴ ከጎረቤት እስከ ዝናብ ጠይቃ ትጨርሳለች። አባቴ ሰዓቱን አያይም።

ፕሮግራሙ መቅጃ ነበረው። ክብ ቀይ ምልክት፣ ከታች በኩል። አንድ ቀን እንኳ አልነካነውም። ለምን እንነካዋለን? በሚቀጥለው እሑድ እንደገና እንነጋገራለን። አሁን ያቺ ምልክት ትታየኛለች። የወንድሜ ድምፅ የትም የለም። በጆሮዬ ውስጥ አለ እላለሁ፤ ግን እየሳሳ መጥቷል። አንዳንዱን ቃል በእሱ ድምፅ ልሰማው እሞክርና የራሴ ሆኖ ይመጣብኛል።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ወደ ጉደር፣ እዚሁ ቅርብ ወዳለችው ከተማ፣ ሊሄድ ነበር። እዚያ አንድ መሥሪያ ቤት ይህንኑ ፕሮግራም ሰምተው፣ ከክፍል ክፍል እንዲያነጋግራቸው ሊያስገቡ ፈልገዋል። ሥራው ስለሚያመሽ እዚያው አድሮ እሑድ ማታ ይመለሳል። ስለዚህ የእሑዱ ጥሪ አሳሰበው። እኔን አላመነኝም፤ ገመድ አቀያይራለሁ። እናቴ ደግሞ አይጧን፣ ማውሱን ማለቴ ነው፣ መንካት አትወድም። ስለዚህ ጠዋቱን ሙሉ ኮዱን ሲቀይር አረፈደ። እሑድ ሦስት ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲገናኝ፣ እህቴ ስትደውል ራሱ እንዲያነሳ።

ሲጨርስ አገናኝቶት፣ «ከዚያ ደውዬ ልሞክረው» ብሎ ወደ ማሠልጠኛው ሄደ። እኔ እንዳልናገር አስጠንቅቆኛል። እናቴ አንዲት ዶሮ ከሳሎን እያባረረች ነበር።

«ውጪ! ውጪ አንቺ ቀላዋጭ!»

«እማዬ፣ ምን አደረገችሽ?» አለ የወንድሜ ድምፅ ከዳንቴሉ ሥር።

እናቴ ዘላ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ዶሮዋም በረረች። እኔ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ከኮምፒውተሩ ውስጥ የእሱ ሳቅ ይሰማል፤ ትንፋሽ እያጠረው። ሲመለስ እናቴ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ሰው ቤት ሳያንኳኩ ይገባል እንዴ? ማን ፈቅዶልህ ነው?»

«የራሴ ቤት ነው፣ እማዬ።»

«የራስህ ሲሆን አይንኳኳም?»

ምሳ በላን። ገመዶቹንና መፍቻዎቹን በቦርሳው ሲከት አጠገቡ ነበርኩ። በሩ ላይ ቆሞ ለእናቴ ደገመላት።

«ነገ ምንም አትንኩ። ራሱ ይገናኛል፣ ራሱ ያነሳል።»

«እኔ ሳልነካው እንዴት ትሰማኛለች?»

«ዝም ብለሽ አውሪ። ከጓዳ ሆነሽ ብታወሪም ትሰማሻለች። ቤቱን በሙሉ ነው የምትሰማው።»

ከዚያ እኔን ጭንቅላቴን በመፍቻው እጀታ መታ አድርጎኝ ወጣ። እስከ አስፋልቱ አልሸኘሁትም። ጉደር ነው የሚሄደው፤ ለጉደር ማን ሰው ይሸኛል?

ማታ እመት የምንላቸው ጎረቤታችን መጡ። በዕድሜ የእናቴ እናት ይሆናሉ። ምንም ነገር ሊዋሱ አልመጡም። «ራት በላችሁ?» አሉ። አልበላንም ነበር። «ብሉ እንጂ፣ ብሉ» ብለው ቁጭ አሉ። እናቴ እንዲበሉ ለመነቻቸው፤ አንድ ጉርሻ ብቻ ወሰዱ። እኔን «አንተ ጨምር» አሉኝ። እስክንጨርስ አልተነሡም። ሲወጡ እናቴ «እመት ዛሬ ምን ነካቸው? ብቻቸውን ሆነው ከፋቸው መሰለኝ» አለች።

ሰፈሩ በሙሉ ያን ጊዜ ሰምቷል። እኛ ብቻ ነበርን ያልሰማን። መርዶ በማታ አይነገርም። ሰው ራቱን ይብላ፣ እንቅልፉን ይተኛ፣ ነገ ጉልበት ያስፈልገዋል ይባላል። ጎረቤቶቻችን ያን ሌሊት አልተኙም፤ እኛን ግን አስተኙን። ለረጅም ጊዜ በዚህ ተናድጃለሁ። አሁን አልናደድም። በልቼ የተኛሁባት የመጨረሻዋ ሌሊት እነሱ የሰጡኝ ናት።

ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። አባቴ ከፈተ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ከእጃጂ ከተማ መጥቶ ከፊት ቆሟል። ከኋላው ጋቢ የለበሱ ሰዎች፣ ግቢው ሙሉ። አባቴ አንድም ቃል አልጠየቀም። ያንን ያህል ሰው በዚያ ሰዓት አይቶ የሚጠይቅ የለም። ወንድሜ የተሳፈረባት መኪና ጉደር ልትገባ ስትል ተገልብጣ ነበር። ይህን ክፍል ከዚህ በላይ ልጽፈው አልችልም።

ሲነጋ ቤቱ ሞላ፣ ግቢው ሞላ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች መጡ። ከአባቴ ጋር ጥግ ላይ ሆነው ስለ እህቴ ተነጋገሩ።

«ልጅቷ ፈተና ላይ ናት አሉ» አሉ አንደኛው።

«ፈተናው ይቅርና፣ ብቻዋን ናት» አለ አጎቴ። «ዘመድ በሌለበት፣ በስልክ? አይሆንም። እኔ ዛሬውኑ እነሳለሁ። ፊት ለፊት፣ እጇን ይዤ ነው የምነግራት።»

«እስክትደርስስ?»

«እስክደርስ ስልክ ብትደውል ማንም አያንሳ። ማንም!»

ሁሉም «ማንም» አለ። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ለቅሶው እንደገና ተነሣ፤ እናቴ በኦሮምኛ የወንድሜን ስም እየጠራች ትናገራለች። እኔም በመሐላቸው ነበርኩ። ከዚያ ከውስጠኛው ክፍል ፉጨት ሰማሁ።

ሞደሙ ነበር። ሦስት ሰዓት ሆኗል። ኮምፒውተሩ የታዘዘውን እየሠራ ነው።

ማንም ልብ አላለውም። የሚያነሳ ሰው እንደማያስፈልገው ያን ሰዓት ከእኔ በቀር ያስታወሰ አልነበረም። ሰው ገፍቼ ገባሁ። ዳንቴሉን አነሣሁት። ሞደሙ ቆርቆሮውን እየፋቀ ነው። ከደጅ የእናቴ ድምፅ ግልጽ ሆኖ ይገባል። ቤቱን በሙሉ ነው የምትሰማው ብሏል።

እጄን ወደ ማጥፊያው ሰደድኩ። ልጫነው ነበር። አልቻልኩም። ለዚህ ቤት የሠራው የመጨረሻ ሥራ ነው፤ ጠዋቱን ሙሉ ተንበርክኮ የሠራው። እሱ አዞት፣ እሱ የለም፣ እሱ ያዘዘው ግን እየሠራ ነው። ያንን በእጄ ላጠፋው? ደግሞም ካልተነሣ ትደናገጣለች፤ በተራው ስልክ ትሞክራለች፤ ጎረቤት ጋ ትደውላለች። አንዱ ያነሳል።

ሞደሙ ጸጥ አለ። የእህቴ ስም ብልጭ ማለት ጀመረ።

ተንበርክኬ ከኋላ ገባሁ። ሮዙን ነቀልኩት። አረንጓዴውን ተውኩት። ድምፁን እኔ ብቻ እንድሰማው ዝቅ አድርጌ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

ራሱ አነሣ።

«ሃሎ? አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ፣ እማዬ?» አለች። ድምፅዋ እንቅልፍ የጠገበ ነበር። «ሃሎ? ተነሥቷል እኮ ይላል... ሃሎ!»  ከዚያ ሳቀች። «ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ያንተ ሥራ ነው አይደል? ዛሬም ሮዙን ረሳኸው! ስካው፣ ስካው።»

ሮዙ እጄ ላይ ነበር። ጨበጥኩት።

«እሺ፣ አንተ እስክትሰካ እኔ ልጠይቃችሁ። አባዬ ደህና ነው? ወገቡስ?»

«ደህና ነው» አልኩ። የሚሰማኝ የለም።

«እመት ደህና ናቸው? ያቺ ሌባ ዶሮስ?»

«ደህና ናቸው። እሷም ደህና ናት።»

«ዘነበላችሁ?»

«ትናንት ዘንቧል» አልኩ። ከደጅ አንድ ሰው ጮኸ። ጆሮዬን ይበልጥ አስጠጋሁ።

«ነገ ፈተና አለኝ፣ ጸልዩልኝ። ሰውዬው ክፍሉን ሊዘጉ ነው መሰለኝ፣ ቁልፍ እያሳዩኝ ነው። ጋሼ ጉደር እሄዳለሁ፣ ነገ ራሱ ያነሳል ብሎ ትናንት በኢሜይል ጽፎልኛል። ሲመለስ ንገረው፤ ሠርቷል በለው። ራሱ አነሣ፣ ጥርት ብሎ! ምሳ በልተዋል ማለት ነው በለው።»

ሳቀች። ዘጋች። የስሟ መብራት ጠፋ።

 ከዚያ ሮዙን ከጠረጴዛው ሥር በቦታው ሰካሁት፤ እሱ እንዳሳየኝ፣ ሳላቀያይር። ደግማ ብትደውል ማንም እንዳያነሳ የስልኩን ሽቦ ከግድግዳው ነቀልኩ። ዳንቴሉን አለበስኩትና ወጥቼ አባቴ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።