መቶ ዘጠነኛው ድንጋይ

ጋሼ ሊትር በየማለዳው የሚስቱን አባት አዝሎ ከመኝታ ቤት ወደ በረንዳ ያወጣል። ሽማግሌው ጉልበታቸው ከከዳቸው ሁለት ዓመት አልፏል፤ አፋቸው ግን ፍጹም ጤነኛ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ከባድ መኪና ስለነዱ አማቻቸው ጀርባ ላይ ሆነውም መሪ አይለቁም።

"ቀኝህን ያዝ! ቀስ... ደረጃ አለ። ፍሬን!"

"ይዣለሁ፣ አባባ።"

"እንዲህ የሚያለከልክ ሞተርማ እኔ ጋራዥ ነበር የማስገባው።"

አስቀምጧቸው ወገቡን ካቃና በኋላ ጥቁሯን ብስክሌቱን እየገፋ ይወጣል። ሥራው የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው፤ ስሙንም ያወጣለት ሰፈሩ ነው። ባልደረቦቹ በር ሲዘጋባቸው ወይም ውሻ ሲበረታባቸው ያለፈውን ወር ቁጥር አይተው "በግምት" ብለው ይጽፋሉ። ጋሼ ሊትር በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንዲት ግምት ጽፎ አያውቅም። አንድ ጊዜ ውሻ ሲነክሰው እንኳ ሐኪም ቤት የሄደው መጀመሪያ ቁጥሩን አንብቦ ነው።

የአንድ በጎ አድራጎት የብስክሌት ጉዞ ወሬ ያመጣው ጓደኛው ጸጉር አስተካካዩ ነበር። መንገዱ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ነው። ሦስት ሦስት ሰው ሆኖ ይኬዳል፤ ሦስቱም አብረው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት በፊት ከገቡ፣ መራመድ ለተሳነው አንድ የመረጡት ሰው ተሽከርካሪ ወንበር ይሰጣል። አንዱ ከቀረ ወንበሩም ቀረ።

"እኔና መምህሩ አማተር ነን" አለ ጸጉር አስተካካዩ፣ መቀሱን በሰው ጆሮ ዙሪያ እያጫወተ። "አንተ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ኮርቻ ላይ ነህ። ባለሙያችን አንተ ነህ።"

የሒሳብ መምህሩ ተራ እየጠበቀ ነበር። "ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከተነሳን በሰዓት አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ይበቃናል። አህያም ይገባል።"

ጋሼ ሊትር ነገሩን ሲነግራቸው ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። "በአንተ እግር? እንግዲያው ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ ሌላ ምርጫም የለኝ።" ከግቢው አጥር ውጭ አንድ ከባድ መኪና እያጓራ አለፈ። ሽማግሌው አንገታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። አጥሩ ረጅም ነው፤ ከበረንዳው የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው። "ጭነቱ ወደ ግራ አዘንብሏል" አሉ። ትንሽ ቆይተው "ጎማህን አስነፋ" አሉት።

ባለሙያው ምን ዓይነት ባለሙያ እንደሆነ የታወቀው በጉዞው ቀን ገና ከከተማ ሳይወጡ ነው። ጋሼ ሊትር የመጀመሪያው በር ላይ ደረሰና ከብስክሌቱ ወረደ።

"ምን ሆንክ?" አለ ጸጉር አስተካካዩ።

"ምንም። በር ነው።"

"በሩ ምን አለህ?"

"ምንም አላለኝም።"

ቀጣዩም በር ላይ ወረደ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከበር እስከ በር ሃምሳ እርምጃ እየነዳ ሲወርድና ሲወጣ ስለኖረ፣ እግሩ በር ባየ ቁጥር ጌታውን ሳያማክር መሬት ይረግጣል። በመጀመሪያው ሰዓት የሄዱት ስድስት ኪሎ ሜትር ብቻ ሆነ። ዳገት ላይ አንዲት ሴት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ "ትናንት አንብበህ አልሄድክም እንዴ?" ብላ ጮኸችበት።

ከከተማ ሲወጡ ደግሞ ባሰ። ሜዳው በር የሚባል ነገር የለውም። የሚወርድበት ያጣው እግር ግራ ተጋብቶ ዛለ።

"ወዴት ነው የምሄደው?" አለ ጋሼ ሊትር ላቡን እየጠረገ።

"ወደ ፊት ነዋ!"

"እሱማ ገባኝ። ፊት ላይ ምን አለ?"

መምህሩ ዙሪያውን ቃኘና ጣቱን ቀሰረ። "ያ መንገድ ዳር ያለው ምንድን ነው?"

"የኪሎ ሜትር ድንጋይ።"

"ላዩ ላይስ?"

"ቁጥር።"

"አንብበዋ! ደግሞ ሳትወርድ፤ ይሄ እንደ ቆጣሪ ክዳን የለውም።"

ጋሼ ሊትር ማስታወሻ ደብተሩን ከደረት ኪሱ አወጣ። "ሰባት!" አለና ጻፈ። ከዚያም ቀና ብሎ ቀጣዩን ድንጋይ ፈለገ። ከዚህ በኋላ የሚያቆመው ጠፋ። አሥራ ዘጠኝን ሲጠራ ሌላ ቡድን አለፉ፤ ስልሳ ሁለት ላይ ጸጉር አስተካካዩ ከኋላ፣ "ኧረ ሰውየው! እኔ ቆሜ የምሠራ ሰው ነኝ፣ እዘንልኝ!" እያለ ይለምን ነበር።

መቶ ስምንት ተነበበ። ቀጥሎ ግን ድንጋይ የለም። ጋሼ ሊትር ፍሬን ያዘ፣ ወረደ፣ ሣሩን በእግሩ መግለጥ ጀመረ። ለአሥራ አንድ ሰዓት አርባ ሰባት ደቂቃ ቀርቷል።

"ከመቶ ስምንት ቀጥሎ መቶ ዘጠኝ ነው" አለ መምህሩ። "ከፈለግህ እምልልሃለሁ።"

"እሱ ስሌት ነው። ንባብ አይደለም።"

ጸጉር አስተካካዩ ከወደ ቦዩ ጮኸ። "አገኘሁት! እዚህ ወድቋል!"

"ፊቱ ወደ ላይ ነው ወደ ታች?"

"ወደ... ወደ ጎን።"

"በየትኛው ጎን?"

ውሸቱ የተያዘበት ጸጉር አስተካካይ አንገቱን ደፋ። አሥር ደቂቃ አለፈ። መምህሩ ሰዓቱን ከማየት አልፎ ደቂቃውን ጮክ ብሎ መቁጠር ጀምሯል። ያኔ አንድ ከባድ መኪና ጭነቱን እንዳዘለ በአጠገባቸው እያጓራ ሲያልፍ ጋሼ ሊትር ቀና ብሎ አየው፤ ጎማውን፣ ሸራውን፣ ገመዱን፣ ሽማግሌው ከበረንዳው የማያዩትን ሁሉ አየው። መኪናው በመታጠፊያው እስኪሰወር ድረስ ቆመ። ከዚያ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘረጋና "109፣ በግምት" ብሎ ጻፈ። ጓደኞቹ ልብሱን የሚያወልቅ ሰው ፊት እንደቆሙ ሁሉ ፊታቸውን አዞሩ።

"እንሂድ" አለ።

የቀረውን አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር እንዴት እንደነዱት ሦስቱም አያስታውሱም። ሊዘጋ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ገቡ። ጸጉር አስተካካዩ እዚያው አስፋልት ላይ ተዘረረ። ጠረጴዛ ዘርግታ የምትጽፍ ሴት የሽማግሌውን ዕድሜ ጠየቀች፣ ክብደታቸውን ጠየቀች። ክብደቱን ጀርባው ስለሚያውቀው ጋሼ ሊትር ወዲያው መለሰ።

"የቤቱ በር ስፋትስ? ወንበሩ በልኩ ነው የሚመረጠው።"

ጋሼ ሊትር ገና ትንፋሹ አልተመለሰም፤ ሰዉ እያጨበጨበለት ነው። "ሰማንያ ሳንቲ ሜትር" አለ። "በግምት።" ሁለተኛው ግምት ከመጀመሪያው በጣም ይቀላል።

ወንበሩ ማክሰኞ መጣ። ጎማው አዲስ፣ ፍሬኑ ሁለት ነው። ለሳሎኑ በር ግን አራት ጣት ያህል ሰፍቶ አልገባ አለ። ቢያዞሩት፣ ቢያጋድሙት እምቢ አለ። ሽማግሌው ከውስጥ ሆነው ትግሉን ተመለከቱ።

"ለመሆኑ" አሉ በመጨረሻ፣ "ይህን በር የለካው የትኛው ሹፌር ነው?"

ጋሼ ሊትር ከኪሱ ሜትር አውጥቶ በሩን ከላይ ለካ፣ ከመሃል ለካ፣ ከታች ለካ፣ ሦስቱንም ቁጥር ጻፈ። በሩን የሚያሰፋው ግንበኛ ሐሙስ ጠዋት በሁለት ሰዓት ይመጣል።