ለአከራዬ ያነበብኳቸው ልቦለዶች

ለሥራ መካነ ሰላም ስመደብ ይዤ የመጣሁት አንድ ሻንጣ ልብስና ሁለት ካርቶን መጽሐፍ ነበር። አከራዬ ባላቸው የሞተባቸው ሙስሊም እናት ናቸው። ካርቶኖቹን አይተው፣

"ይህ ሁሉ የመሥሪያ ቤት ነው?" አሉኝ።

"አይ እማማ፣ ልቦለድ ነው። ሰው በሐሳቡ ፈጥሮ የሚጽፈው ታሪክ።"

"ያልሆነ ነገር ነዋ! ታዲያ ምን ያደርግልሻል?"

ሳቅ ብዬ ካርቶኖቹን ወደ ክፍሌ አስገባሁ። ከቢሮ እንደወጣሁ በሬን ዘግቼ አነባለሁ፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን እጀምራለሁ። ለምን እንደማነብ ግን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ክረምቱ ሲወጣ ደሴ ሄደው የዓይናቸው ሞራ ተገፈፈላቸው። ሐኪሙ ከጭስ እንዲርቁ፣ ጎንበስ ብለው እንዳይሠሩ አዘዛቸው፤ የቤቱን ሥራ ሴት ልጃቸው ተረከበች። በልጅነታቸው አባታቸው ዘንድ ቁርኣን የቀሩ፣ ዓረብኛውን ማንበብ የተማሩ ናቸው፤ የአማርኛ ፊደል ግን አልተማሩም። ዓይናቸው እስኪያገግም ቁርኣኑንም ማየት ስላልቻሉ ቀኑ አልገፋ አላቸው። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ከበረንዳው ጠሩኝ።

"ነይ እስቲ፣ ያን ያልሆነውን ታሪክ አንብቢልኝ።"

በፍቅር ልቦለድ ጀመርን። ሁለቱ ፍቅረኞች ለብቻቸው የሚገናኙበት ቦታ ስደርስ ፊቴ ጋለ፤ ገጹን ገለጥ አድርጌ ቀጠልኩ።

"ቆይ" አሉኝ። "ልጅቷ አሁን በር ላይ አልነበረችም? እንዴት አልጋ ላይ ተገኘች?"

"ትንሽ ዘለልኩ፣ እማማ። አፍሬ ነው።"

"አብሽሪ! እኔ ስድስት ልጅ የወለድኩ ሴት ነኝ። መልሰሽ አንብቢው።"

ከጓዳ የልጃቸው ሳቅ ተሰማ። ጆሮዬ እየነደደ አነበብኩላቸው። ስጨርስ "ይኸው ነው እንዴ?" አሉ።

ቀጥሎ የምወደውን የወንጀል ልቦለድ አመጣሁ። ገዳዩ ማን እንደሆነ እንዲገምቱ ብጠይቃቸው ግድም አልሰጣቸው። "የሟች እናትስ? መርዶውን ማን ነገራት?" ይሉኛል በየምዕራፉ። ደራሲው እናት መኖሯንም አላነሳ። መጽሐፉን ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ለሟቹ አንድ ሰው እንኳ እንዳላለቀሰ ያየሁት ግን ያን ጊዜ ነው።

መጨረሻ ላይ፣ አሰልችቶኝ ከመሃል የተውኩትን የትርጉም ሥራ አነሳሁ። በረዶ በሚወርድበት አገር አንድ ሽማግሌ ርቆ የሄደ ልጁን ይጠብቃል። ታሪኩ ሌላ ምንም የለውም።

"በረዶው ከደጋው ከደጎሎ ውርጭ ይብሳል?" አሉኝ።

"በጣም ይብሳል።"

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ያዳምጣሉ። የእሳቸውም የመጨረሻ ልጅ አረብ አገር ከሄደ ቆይቷል። በማግስቱ ቁጭ ከማለቴ "ዛሬስ መጣለት?" ይሉኛል። "ገና ነው" እላለሁ። ድምፄን አውጥቼ፣ እየተነፈስኩ ሳነበው ያሰለቸኝ መጽሐፍ ሌላ ሆነብኝ። ሽማግሌው ለልጁ ወንበር የሚያስጠጋበትን ቦታ በፊት ሮጬበት አልፌ ነበር፤ አሁን ቀስ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ልጁ አልመጣም። የመጨረሻውን ምዕራፍ ማታ ለብቻዬ አይቼው ስለነበር ለማንበብ ፈራሁ። አመነታሁ መሰለኝ፣ "ያለውን አንብቢ፣ ልጄ" አሉኝ። አነበብኩት። "ደግ አድርጎ ጽፎታል፣ ወላሂ" አሉ።

ከመግሪብ ሰላት በኋላ አረብ አገር ያለው ልጃቸው ጋ ስልክ አስደወሉኝ። ጤናውን ጠይቀው፣ አላህን አመስግነው ሲያበቁ "አንድ ሽማግሌ ነበር" ብለው ጀመሩለት። ወንበሩን አልረሱትም፤ በረዶውን ግን የእኛን አገር ውርጭ አደረጉት። ከአጠገባቸው ስለነበርኩ የልጁ ድምፅ ይሰማኛል።

"እና ልጁ መጣለት?" አላቸው።

ቀና ብለው አዩኝ።

"እሱን ስትመጣ ታነበዋለህ" አሉት።