እናቴ ለሚስተር ኔቪል የመለሰችላቸው

ይህ ነገር የገጠመኝ ካቻምና፣ ዝናቡ ዘግይቶ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ በሚያይበት ሰሞን ነው። በሆቴል ሥራ ብዙ እንግዳ ይመጣል፣ ብዙ እንግዳ ይረሳል። እኚህን ሰው ግን አልረሳኋቸውም፤ ምክንያቱም በእሳቸው ሰበብ ስለ እናቴ የማላውቀውን አወቅሁ።

ሞያሌ ኬንያ በኩል፣ ወደ ማርሳቢት በሚወስደው አስፋልት ዳር ትንሽ ሆቴል አለችኝ። ደንበኞቼ የጭነት መኪና ሾፌሮችና የከብት ነጋዴዎች ናቸው። ያን ሰሞን ግን ከናይሮቢ የፊልም ሰዎች መጥተው አረፉብኝ። ዳይሬክተሯ ወጣት ኬንያዊት ነበረች። አብረዋት አንድ ረጅም፣ ከሲታ፣ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ እንግሊዛዊ ሽማግሌ መጡ። ሚስተር ኔቪል ይባላሉ። ተዋናይ ናቸው።

እኔ የተማርኩት እዚሁ ኬንያ ስለሆነ እንግሊዝኛ አይቸግረኝም። ሻይ ሳቀርብላቸው ወሬ ጀመርን። ገና ልጅ ሳሉ አገራቸው፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ቲያትር ቤት ይጠርጉ ነበር። አንድ ቀን ተዋናይ ታመመና ጦር አስይዘው መድረክ ላይ አወጧቸው። የሚሉት ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ «ንጉሡ መጡ።»

«ያን ሁለት ቃል ተናግሬ ስወጣ ጦሩን መመለስ ረሳሁ» አሉኝ። «ከዚያ ወዲያ ሌላ ሥራ አላማረኝም።»

ከቲያትር ቡድን ጋር በባቡር ከከተማ ከተማ ዞሩ። ለንደን ገቡ። በኋላ ፊልም መጣ። ፊልም ላይ ሁልጊዜ ወይ ቄስ፣ ወይ ዳኛ፣ ወይ ቶሎ የሚሞት ሰው ነበር የሚሰጧቸው። ሰው መልካቸውን እንጂ ስማቸውን አያውቅም። ገበያ ላይ ያስቆማቸውና «አብረን ተምረናል እንዴ?» ይላቸዋል። ይህን ሲነግሩኝ ሳቁ። ቅር የተሰኙ አይመስሉም።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ወረቀት ይዘው ወደ እኔ መጡ። «ሰናይት፣ ብታስጠኚኝ?» አሉኝ።

ለካ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስጠኗቸው የነበሩት ባለቤታቸው ናቸው። ማታ ማታ እራት ከበሉ በኋላ ወረቀቱን ይዘው፣ ሲሳሳቱ እያረሙ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቃል ይጠፋባቸው ጀመር። በመጨረሻም ለንደን ውስጥ፣ አዳራሹ ሙሉ ሰው እያያቸው፣ መድረክ ላይ ፀጥ ብለው ቀሩ። መጋረጃው ተዘጋ። ከዚያ በኋላ መድረክ አልወጡም። ይህ ፊልም የመጣላቸው ንግግሩ ጥቂት ስለሆነ ነው። «ይህንንም ካበላሸሁ እዚህ ላይ አበቃሁ» አሉና ወረቀቱን ሰጡኝ።

የሚጫወቱት በረሃ ውስጥ ብዙ ዘመን የኖረ ሐኪም ሆነው ነው። ሐኪሙ ታሟል፤ ወደ አገሩ ሊሄድ፣ እዚህ ያገባትን ሚስቱን ይሰናበታል። ንግግሩ አጭር ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ግን ሲደርሱ ሁልጊዜ ይቆማሉ፤ «እመለሳለሁ ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም» የምትለዋ ላይ። ደጋግመን አጠናናት። ስትመጣ ትመጣለች፣ ስትጠፋ ትጠፋለች።

በማግስቱ ሌላ ችግር መጣ። ሚስቲቱን ልትጫወት የነበረችው ሴትዮ ልጇ ታሞባት ቀረች። ዳይሬክተሯ ግራ ገብቷት ግቢው ውስጥ ስትንጎራደድ እናቴን አየቻት። እናቴ ጥላ ስር ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«እሳቸውን ጠይቂልኝ» አለችኝ። «የሚናገሩት ነገር የለም። ቁጭ ብለው ማየት ብቻ ነው።»

እናቴ እጇን አወናጨፈች። «እኔ ቲያትር የት አውቃለሁ? ለቅሶ ቤት እንኳ ዕንባዬ ካልመጣ የውሸት አላለቅስም። ማስመሰል አልችልም በያት።»

ሚስተር ኔቪል ምን እንዳለች ጠየቁኝ። ስነግራቸው ጎንበስ ብለው፣ «ማስመሰሉን ለእኔ ይተዉልኝ። እርስዎ ዝም ብለው ይስሙኝ» አሏት። ተረጎምኩላት። ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ሲለምናት ጨነቃትና እሺ አለች።

ቀረጻው ሄሉ የሚባለው ሰፈር ዳር ባለ አሮጌ የጭቃ ቤት ነበር። ፍየሎች እያለፉ ሥራውን ያስቆሙት ነበር። እናቴን ደጃፍ ላይ በርጩማ ላይ አስቀመጧት። የሚሏትን ነገር አስቀድሜ በአማርኛ ነግሬያታለሁ፤ ባልሽ ነው፣ ሊሄድ ነው፣ አይመለስም። እንደገባት ራሷን ነቀነቀች።

ስለ አባቴ እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። በመንግሥት ለውጡ ጊዜ ከአገር ቤት ተሰደን ሞያሌ ስንገባ እኔ ገና የማልናገር ሕፃን ነበርኩ። አባቴ እናቱን ሊያመጣ ተመልሶ ሄደና በዚያው ቀረ። ይሙት ይኑር አላወቅንም። እናቴ ስለ እሱ አትናገርም። ስጠይቃት «እሱ ነገር ይቅር» ትለኝና ተነስታ ትሄዳለች። እኔም ካደግሁ በኋላ መጠየቅ ተውኩ።

ሚስተር ኔቪል ሻንጣቸውን ይዘው ከቤቱ ወጡ። እናቴ ፊት ቆመው መናገር ጀመሩ። ያቺ ቦታ ላይ ሲደርሱ ቃሉ ጠፋ። ዳይሬክተሯ በስዋሂሊ «ፖሌ» ብላ አጽናንታ ከመጀመሪያው አስጀመረቻቸው። አሁንም ጠፋ። ካሜራ የያዘው ሰውዬ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

እናቴ ወደ እኔ ዞራ «ምን ሆኑ?» አለችኝ።

«ቃሉ ጠፋባቸው።»

«አይዞዎት በያቸው። አይቸኩሉ።»

ነገርኳቸው። ላባቸውን ጠርገው እንደገና ጀመሩ። እንደገናም እዚያው ላይ ቆሙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። ወረቀቱን ይዤ ከካሜራው ጀርባ ቆሜያለሁ። ዳይሬክተሯ ልታስቆም እጇን ስታነሳ እናቴ ተናገረች።

«ውሃ ይዘሃል?» አለቻቸው።

እናቴ እንግዳ ሰው አንተ ብላ አታውቅም። ሚስተር ኔቪልንም ከመጡ ጀምሮ እርስዎ ነበር የምትላቸው።

«መንገዱ ላይ ውሃ የለም» አለች።

ምን እንዳለች አልገባቸውም። ግን አልደነገጡም። ትክ ብለው አዩዋት፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ጭንቀት ቀስ እያለ ሲለቃቸው አየሁ። ከዚያም ያቺን ዓረፍተ ነገር ዝግ ባለ ድምፅ፣ አንድም ቃል ሳይሳሳቱ ተናገሯት። እመለሳለሁ ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም።

እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም። ግን የምትመልስበትን ጊዜ ጠብቃ መለሰች።

«አውቃለሁ። ልጅቷን አሳድጋታለሁ፣ አታስብ። በደህና ሂድ።»

በፊልሙ ታሪክ ውስጥ ልጅ የለችም። ልጅቷ እኔ ነኝ።

ሚስተር ኔቪል እጇን ይዘው ግንባራቸውን አስነኩት። ከዚያ ሻንጣቸውን አንስተው በሜዳው ሄዱ። ዳይሬክተሯ ማስቆሙን ረስታው ብዙ ርቀው ሄዱ። እኔ ወረቀቱን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። እናቴ አላለቀሰችም። ከበርጩማዋ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈችና «ጨረስን? ምስሩ ፀሐይ ላይ ነው» አለችኝ።

እራት ላይ ሚስተር ኔቪል ምን እንዳለቻቸው ጠየቁኝ። ቃል በቃል ነገርኳቸው፤ የአባቴንም ነገር ነገርኳቸው። ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ባለቤቴ የጠፋብኝን ቃል ስታስታውሰኝ ልክ እንደዚያ ነበር» አሉ። «ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ። እናትሽ የተናገረችው የእኔን ቃል አልነበረም። ግን የእኔ መጣልኝ።»

ጠዋት ወደ ማርሳቢት ሲነሱ እናቴ ዳቦ ቆሎ በላስቲክ ቋጥራ ሰጠቻቸው። «እርስዎ፣ ጥርስዎን ይጠንቀቁ» አለቻቸው። ተረጎምኩላቸውና ከልባቸው ሳቁ። ከዚያ ሥራ በኋላ ሌላ አልሠሩም፤ ትወናን በመልካም ተሰናበትኩ ብለው በስልክ ጽፈውልኛል።

ፊልሙ ሲያልቅ ዳይሬክተሯ ያንን ክፍል ላከችልኝ። የእናቴ ቃል አልተቆረጠም፤ ከስር በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ስልኬን ይዤ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አሳየኋት። ሚስተር ኔቪል በሜዳው እየራቁ ሲሄዱ አየች። «መልሺው» አለችኝ። መለስኩት። እንደገና አየች።

«ያኔ አባትሽ ሲሄድ እንጀራዬ እንዳያርብኝ ብዬ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም» አለች። «ቶሎ እመለሳለሁ ሲለኝ፣ እሺ አልኩት። እሺ ብቻ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ አባቴ ታወራለች። ሰማያዊ ሹራብ ለብሶ እንደሄደ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ እንደሚሸፍን፣ እኔን ትከሻው ላይ አስተኝቶ ግቢውን እንደሚዞር ነገረችኝ። ሥራ ላይ እያለሁ ሳይቀር ጠርታኝ «አንድ ነገር ትዝ አለኝ» ትለኛለች። እኔም የያዝኩትን ጥዬ ሄጄ አጠገቧ እቀመጣለሁ።