ከፍ ያለው መቀርቀሪያ

በሥራዬ ብዙ ሽማግሌ አጥቤያለሁ፣ አጉርሻለሁ፣ ደግፌ አንስቻለሁ። ሎውሪ በሚባለው ሰፈር እንደምንከባከባቸው ቻይናዊ ሽማግሌ በሆዴ የተቀየምኩት ግን የለም። ክፉ ሆነው አይደለም። የሰጠኋቸውን ይበላሉ፣ መድኃኒታቸውን ያለ ንትርክ ይውጣሉ፣ ውሃው ቢቀዘቅዝባቸው እንኳ አይነጫነጩም። የላከኝ ድርጅት «ሚስተር» ብለሽ በቤተሰብ ስማቸው ጥሪያቸው ብሎኝ ነበር። የአባቴን እኩያ በስም መጥራት ምላሴ እምቢ ስላለኝ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ «አባባ» አልኳቸው። ትርጉሙን ጠየቁኝ። ስነግራቸው «ከሚስተሩ ይሻላል» አሉ። የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የእሳቸውም የእኔም ሰባራ ስለሆነ በደንብ እንግባባለን።

ያስቀየመኝ የአባታቸው ቤት ነው።

አባታቸው በአገራቸው ስማቸው የታወቀ ጋዜጠኛ ነበሩ። የኖሩበት ሰፈር በሙሉ ፈርሶ ፎቅ ሲሠራበት የእሳቸው ቤት ብቻ ተርፎ፣ ታድሶ፣ ለጎብኚ ሊከፈት ነበር። ይህን የነገረችኝ ስቴፕልተን ሰፈር የምትኖረው የአባባ ብቸኛ ልጅ ናት። እሑድ እሑድ ስትመጣ ስልኳን ከፍታ ፎቶ ታሳየናለች፤ የጋዜጠኛው ጠረጴዛ፣ መነጽራቸው፣ የቀለም ብልቃጣቸው፣ ግራጫ የጡብ ግድግዳ፣ ቀይ የተቀባ የግቢ በር። እኔ አንገቴን አስግጌ አያለሁ። አባባ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። «በኋላ አየዋለሁ» ይላሉ። ያ በኋላ አንድም ቀን አልመጣም።

አይቶ ማለፍ ደግሞ እኔ አልፈጠረብኝም። ሰው አባቱን እንዲህ ሲያከብሩለት ጎረቤት ይጠራል እንጂ መስኮት ያያል? መጀመሪያ ኩሩ ናቸው አልኩ። ቀጥዬ ልባቸው ደንዳና ነው አልኩ። አንድ ቀን በኮልፋክስ መንገድ ወደ ቤቴ ወደ አውሮራ ስመለስ መኪና ውስጥ ሆኜ ለሥራ ባልደረባዬ በስልክ አማኋቸው።

«አባታቸውን አይወዱም ማለት ነው» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ ሰው ጃጅ ማድረግ ትወጃለሽ። ሺፍትሽን ጨርሰሽ የመውጫ ሰዓትሽን ክሎክ አውት አድርጊና ቤትሽ ግቢ። የሰው ጣጣ ምን አገባሽ?»

«ያገባኛል! በቀን ስምንት ሰዓት አብሬያቸው ነኝ።»

«እንግዲያው ጠይቂያቸዋ!»

አልጠየቅኳቸውም። ከመጠየቅ መፍረድ ቀለለኝ።

ልጃቸው ለቤቱ ምርቃት ወደ ቻይና ሄደች። ከመሄዷ በፊት ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝና፣ እዚህ አመሻሽ፣ እዚያ ደግሞ የማግስቱ ጠዋት ሲሆን፣ ሕዝብ ከመግባቱ በፊት በቪዲዮ እንደምትደውል ነገረችኝ። በዚያ ቤት ከኖሩት ሰዎች በሕይወት ያሉት አባባ ብቻ ስለነበሩ፣ ቤቱን የሚጠብቁት ሰዎች ከእሳቸው ሁለት ቃል መስማት ይፈልጉ ነበር። «ባይናገሩም አንድ ጊዜ ይዩት» አለችኝ። «ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ሌላ ጊዜ የለንም።» አይዞሽ፣ ለእኔ ተይው አልኳት።

ቀኑ ሲደርስ አጠብኳቸው፣ ጺማቸውን ላጨኋቸው፣ ነጭ ሸሚዝ አለበስኳቸው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌ አቆምኩት። ኩሽና ደርሼ ስመለስ የሸሚዙን ቁልፎች ፈትተው ጨርሰው፣ ተሽከርካሪ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል። ደሜ ፈላ።

«አባባ፣ ነውር ነው!» አልኳቸው። «የአባትዎን ቤት እንዲህ ጠብቀው ሲያቆዩልዎ፣ ልጅዎ ያን ሁሉ መንገድ ሄዳ ስትለምንዎ፣ እርስዎ መስኮት ያያሉ? አባትዎ ምን ቢያደርጉዎት ነው?»

ከአፌ ሲወጣ ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ። ከሥራ የሚያስባርር ንግግር ነው። እሳቸው ግን አልተቆጡም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ «አባቴ ምንም አላደረገኝም። ያደረግኩት እኔ ነኝ» አሉኝ።

ያኔ አባባ የአምስት ዓመት ልጅ ነበሩ። በበራቸው ጠዋት ጠዋት በእንፋሎት የበሰለ ዳቦ የሚሸጥ ሰው ያልፋል፤ ድምፁን ሲሰሙ ወደ በሩ ይሮጣሉ። አንድ ማለዳ፣ አባትየው የጻፉት ነገር ያስቆጣቸው ሰዎች መጡ። በሌላ ቀን ቢሆን ማንኳኳት ነበረባቸው፤ እስኪከፈትላቸው አባትየው በጓሮ ግንብ ዘለው ጎረቤት ይገባሉ። ሁለት ጊዜ እንደዚያ አምልጠዋል። በዚያን ቀን ግን በሩ ክፍት ነበር። ከጠረጴዛቸው አንስተው ወሰዷቸው። አልተመለሱም።

«እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር» አሉ አባባ። «ዳቦ በእጄ ይዤ። ሰዎቹ በአጠገቤ አለፉ፤ አንዱ ራሴን ዳበሰኝ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ከፈቱት ያለው ማን ነው?»

«ማንም አላለም። እናቴ እስክትሞት ድረስ ስለዚያ ጠዋት አንድ ቃል አልተናገረችም። ለምን ዝም እንዳለች አውቃለሁ።»

ሰባ ዘጠኝ ዓመት ይህን ተሸክመው ኖረዋል፤ እኔ ደግሞ ልበ ደንዳና ብዬ አማኋቸው። በጣም አፈርኩ። የተፈታውን ሸሚዝ መልሼ ልቆልፍላቸው ጎንበስ ስል ስልኩ ጮኸ።

ልጃቸው ከቀዩ በር ፊት ቆማለች። አጠገቧ ዩኒፎርም የለበሰ የቤቱ ጠባቂ አለ፤ በበሩ የውስጥ ገጽ፣ ከሰውየው ግንባር ትይዩ፣ ጥቁር የብረት መቀርቀሪያ ይታያል። እኔ ያደግኩት የቆርቆሮ በር ባለው ግቢ ነው። ልጅ መቀርቀሪያ ላይ የሚደርሰው ስንት ዓመት ሲሞላው እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ።

«ቆይ፣ ቆይ! እሱን መቀርቀሪያ ለኪልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምኑን?»

«ከመሬት እስከ መቀርቀሪያው። ለምን እንደሆነ በኋላ እነግርሻለሁ።»

ጠባቂው ሜትር አምጥቶ ለካ። መቶ ሰባ ስምንት ሳንቲ ሜትር። አባባ ወንበራቸውን ቀስ ብለው ከመስኮቱ ወደ ስልኩ አዞሩ። እኔ ግን ተጠራጣሪ ነኝ፤ ድሮም እዚያው ነበር ወይስ ሲያድሱት ነው ከፍ ያደረጉት ብዬ አስጠየቅኩ። ጠባቂው ዝቅ ብሎ ሆዱ አካባቢ አራት የተደፈኑ የምስማር ቀዳዳዎች አሳየን። መቀርቀሪያው በፊት የነበረው እዚያ ነው። እዚያ ከሆነ ደግሞ የአምስት ዓመት ልጅ ይደርስበታል።

«አየሽ?» አሉኝ አባባ በቀስታ። ምን አስለካኝ? የሞተ ነገር ቀስቅሼ ሰውየውን ሁለተኛ ልገድላቸው ነው አልኩ።

ጠባቂው ግን ፈገግ እያለ ልጅቷን ወደ ውስጥ ጠራት። ከመስተዋት ሥር አንድ ቁራጭ የቆየ ጋዜጣ አለ። ቆማ በቻይንኛ አነበበችው። እኔ አንዲት ቃል ስለማይገባኝ የማየው የአባባን ፊት ብቻ ነው። መጀመሪያ ቅንድባቸው ተሰበሰበ። ከዚያ አፋቸው ተከፈተ። ከዚያ እጄን ፈልገው ያዙኝ፤ ያን የሚያህል ጉልበት እንዳላቸው አላውቅም ነበር።

«ምን ይላል? ንገሩኝ እንጂ!»

ነገሩኝ። አባትየው ስለ ልጃቸው የጻፏት አጭር የጨዋታ ጽሑፍ ናት። ትንሹ ልጄ በር ከፍቶ ዳቦ ሻጩን ተከትሎ ጠፋ፤ ስንፈልግ ውለን ሦስት መንገድ አልፎ አገኘነው፤ ስለዚህ መዶሻ ይዤ መቀርቀሪያውን ነቅዬ ከእኔና ከእናቱ በቀር ማንም የማይደርስበት ቦታ መታሁት ይላሉ። መዶሻው አውራ ጣቴን ስላገኘው የዛሬው ጽሑፍ አጭር ነው ብለው ያበቃሉ። የወጣችው በበጋ ነው። ሰዎቹ የመጡት ከወራት በኋላ፣ በዚያው ዓመት ክረምት ነበር።

«በርጩማ ላይ ቆሜስ ቢሆን?» አሉ አባባ። ሰባ ዘጠኝ ዓመት የቆየ ነገር በቀላሉ አይለቅም። ልጅቷ ጠባቂውን ጠየቀችው። ሰውየው መልስ ሳይሰጥ ወደ በሩ ተመለሰና መቀርቀሪያውን ሳበው። በሁለት እጁ ይዞ፣ ትከሻውን በሩ ላይ ደግፎ ነው የሳበው።

ይህም አልበቃኝም፤ በዓይናቸው ይዩት አልኩ። እግራቸው ሲያብጥ የምለካበትን ሜትር አውጥቼ በመኝታ ቤታቸው በር ላይ መቶ ሰባ ስምንት ቆጠርኩና የቁስል ፕላስተር ለጠፍኩበት። ከዚያ በጉልበቴ ተንበርክኬ እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁ። «የአምስት ዓመት ልጅ ይህን ያክላል» አልኳቸው።

«አንቺ ሲፈጥርሽም አጭር ነሽ» አሉ። «እኔን ውሰጂኝ።»

ወንበራቸውን ገፍቼ ከበሩ ሥር አቆምኳቸው። ተቀምጠውም ከአምስት ዓመት ልጅ ይበልጣሉ። ቀኝ እጃቸውን አነሱ። ወገባቸውን ቀና አደረጉ፣ ጣቶቻቸው ተዘረጉ፤ ፕላስተሩ ሊደርሱበት አንድ ስንዝር ሲቀራቸው ቆሙ። አወረዱና እንደገና ሞከሩ። አልደረሱም። በግራቸው ሞከሩ። አልደረሱም። «አልደርስም!» አሉኝ፣ እንባቸው በተላጨው ጉንጫቸው እየወረደ። «አየሽ? አልደርስም!» ሰው በመሸነፉ እንዲህ ሲደሰት አይቼ አላውቅም። እኔም ሳቅና ለቅሶ ባንድ ላይ መጣብኝ፤ በስልኩ ውስጥ ልጅቷ ምን ሆናችሁ እያለች ትጮሃለች።

አፌ መቼም አያርፍም። «ታዲያ ማን ከፈተው?» ብዬ ጠየቅኩ።

እጃቸውን አወረዱ። «ዳቦውን በእጄ ይዤ ነበር» አሉ። «ዳቦውን የገዛልኝ ሰው ነዋ የከፈተው። እናቴ ረጅም ሴት ነበረች።»

እንባቸውን በእጅጌዬ ጠረግኩላቸው።

«እኔ የከፈትኩት እኔ መሆኔን ታውቃለች ብዬ ስፈራ፣ እሷ ደግሞ የከፈተችው እሷ መሆኗን ያውቃል ብላ ስትፈራ ኖርን» አሉ። «ብትነግረኝ፣ አባቴን የወሰዱት ሰዎቹ ናቸው፣ ዳቦ ለልጅሽ በመግዛትሽ አይደለም እላት ነበር።» ይህን ካሉ በኋላ ቃሉ ለራሳቸውም የተነገረ ያህል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ስልኩን አቀብዪኝ አሉኝ። በዚያ ምሽት ልጃቸውን ቤቱን ክፍል በክፍል አስዞሯት። ጠረጴዛው በመስኮቱ በኩል አልነበረም፣ ወደ ምድጃው አስጠጉት እያሉ ጠባቂውን ሁሉ አዘዙት። ራት ቀዘቀዘ፤ ማንም ግድ አልነበረውም።

ትከሻቸው እንዳይደርቅ እጃቸውን ወደ ላይ እንዲያነሱ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ለወራት ስትለምናቸው፣ አመመኝ እያሉ እምቢ ሲሏት ነበር የኖሩት። ከዚያ ቀን በኋላ ልመና ቀረ። ፕላስተሩን ላነሳው ስል ተዪው አሉኝ። ጠዋት ጠዋት ቁርስ ሳይበሉ ከበሩ ሥር ገፍቼ አቆማቸዋለሁ፤ አሥር ጊዜ ይንጠራራሉ፣ አሥር ጊዜ ያጡታል።

«ዛሬስ አባባ?» እላቸዋለሁ።

«ዛሬም አልደረስኩም» ይሉኛል፤ ከዚያ ቁርሳቸውን ይጠይቃሉ።