መቋሚያውን የተሸከምሁ ቀን

አባቴ በቡሬ ገጠር የድጓ መምህር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲያስተምሩ ፈጁ። ባለፈው ክረምት ድምፃቸው ተዘጋ። የፍኖተ ሰላም ሐኪም «ካሁን ወዲያ ጮኸው አያስተምሩ» አላቸው። በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ ወንድሜን «የኔታ» ማለት ጀመረ።

ወንድሜን እወደዋለሁ። ግን የዜማ ትምህርቱን ከመሐል ትቶ ፍኖተ ሰላም ባጃጅ የሚነዳ ሰው ነው። ዜማው ሲጠፋበት ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እንዴት አወቅሽ ብትሉኝ፣ ከማስተማሪያው ጎጆ ግድግዳ ማዶ ጌሾ እየወቀጥሁ ነው ያደግሁት። የሰማሁትን ያዝሁ፤ የጠየቀኝ የለም እንጂ።

አባቴ ግን ለማስተማሪያ ወንበራቸው የመረጡት ከሽንዲ መጥቶ ድጓውን እስከ ጫፍ የዘለቀ ተማሪያቸውን ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ግቢያችን ተሰበሰቡ።

«ልጅ እያለዎት ለባዕድ?» አለ አጎቴ። «አገር ምን ይላል?»

«መሬቴን ልጄ ይውረስ» አሉ አባቴ በሹክሹክታ። «ወንበሩ ግን የኔ አይደለም። ከመምህሬ የተቀበልሁት አደራ ነው።»

ከዚያ መምህራቸው የሰጧቸውን መቋሚያ፣ ቆመው ሲዘምሩ የሚደገፉትን በትር፣ ለወንድሜ ዘረጉለት። «ላክሁህ። ለሽንዲው ስጠው።»

«እኔ ተላላኪው ነኝ?» ብሎ ወንድሜ ወጣ።

ማንም ልውሰደው ብሎ አልተነሣም። ተማሪው ደግሞ ቤተሰብ አላጣላም ብሎ ዕቃውን መሸከፉን ሁላችንም ሰምተናል። ወደ ሽንዲ የሚሄደው መኪና ይዞት ካለፈ አለቀ።

«ለኔ ይስጡኝ» አልሁ።

«ሴት ልጅ መቋሚያ ይዛ?» አጎቴ ጮኸ።

«ታዲያ በባጃጅ ይሂድ?»

አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው አፈነ። አባቴ ሰጡኝ።

በሰፈሩ መሐል ቀጥ ብዬ ሄድሁ። ቦኖው ላይ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች «ደብተራዋ መጣች! እልል በሉላት!» አሉ።

«እልልታችሁን ለባለቤቱ አቆዩለት!» አልኋቸው።

ተማሪው ጥቅልሉን ትከሻው ላይ አድርጎ የጎጆው በር ላይ ቆሟል። መቋሚያውን ሲያይ እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። «በኔ ምክንያት የየኔታ ቤት አይፈርስም።»

«ለቤታችን እኔ አለሁ። የሚፈርሰው ዜማው ነው። አንተ ከሄድህ የሚያስተምረው ወንድሜ ነው። ሲያዜም ሰምተኸው የለ?»

ሳይወድ ሳቀ። ጥቅልሉን አወረደ፤ መቋሚያውን ስሞ ተቀበለኝ። መኪናው ከታች ጡሩንባውን እየነፋ አለፈ።

ወንድሜ እስካሁን አኩርፏል። እኔም ከግድግዳው ማዶ ጌሾዬን እወቅጣለሁ። ተማሪ ዜማ ሲያጎድል ስሰማ ግን ሙቀጫውን ሁለቴ አጥብቄ እመታለሁ፤ አዲሱ የኔታ «ድገም» ይሉታል። አጎቴ ነውር ነው ይላል።

ይበል።