ደጃፉ ላይ የቆመው ሰውዬ

ሰጠኝ ሰቆጣ ውስጥ ግንበኛ ነው። ትምህርት ያቆመው አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ፊደል ቢለይም ረዘም ያለ ነገር አንብብ ሲሉት ያልበዋል። ስልክ ቤት ሄዶ ስልኩ ላይ ያስጫነው የጌም መሥሪያ ግን ጻፍ አይለውም። ቀለም ቀለም ያላቸው ጡቦች ናቸው፤ አንዱን ባንዱ ላይ ሲደረድራቸው ትንሹ ሰውዬ ይሄዳል፣ ይዘላል። ስማቸው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የሚያውቃቸው በቀለማቸው ነው። ሰማያዊው ያስኬዳል፣ ቢጫው ያዘልላል። ግንብ አይደል እንዴ፣ አለ በልቡ።

የሥራ ጓደኞቹ ይቀልዱበታል። "ሰጠኝ፣ እኩዮችህ ልጅ ሊድሩ ነው፤ አንተ የስልክ ሰውዬ አዝልል!" እሱ አንገቱን ደፍቶ ይስቃል።

ለሰውዬው አረንጓዴ ሸሚዝ አለበሰው። ለምን እንደሆነ ራሱም አላሰበበት። አንድ ቀን ግን እናቱ ተዋበች በትከሻው በኩል አየችና፣ "ይሄማ ጌታሰው ነው" አለች።

ጌታሰው ታናሽ ወንድሙ ነው። በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ልግባ ብሎ በአረንጓዴ ሸሚዝ ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጨዋታው የሰጠኝ መሆኑ ቀረ። "ዛሬስ የት ደረሰ?" ትለዋለች ከሥራ ሲገባ። መንገዱንም የምታሠራው እሷ ሆነች። "እዚህ ጋ ቁልቋል አለ። እዚያ ወንዙ ነው፤ ድንጋይ ድንጋዩን ይርገጥ። አይ፣ የኛ አጥር እንዲህ ነው? ግራው ፈርሷል እኮ!" እሱም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ቤት ያቀርበዋል። እናቱ በአውራ ጣቷ መጫን ለመደች። ሰውዬው ገደል ሲገባ "ውይ ልጄን!" ትላለች፤ ተመልሶ ሲነሣ ትስቃለች። ስትስቅ ካያት ስንት ጊዜው!

ሐሙስ ዕለት ካሤ ከሳዑዲ ደወለ። ከጌታሰው ጋር አብሮ የወጣ የሰፈር ልጅ ነው። ጀልባዋ ተገልብጣ ጌታሰው ባሕር ቀርቷል። "እስከ ዛሬ መናገር አቅቶኝ ነው፣ ሰጤ" ብሎ አለቀሰ።

ሰጠኝ የሰፈሩ ሽማግሌ አያ ደጅይጥኑ ዘንድ ሄደ።

"እርስዎ ይምከሩኝ" አላቸው።

"እሑድ ጎሕ ሲቀድ እናረዳታለን። ዘመድ ከፃግብጂ ይድረስ። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትል። እናት መርዶ ብቻዋን አትሰማም።"

ቤት ሲገባ እናቱ ስልኩን ስትጠብቅ አገኛት። ሰውዬው ደጃፍ ደርሶ በሩን ይገፋል።

"ክፈትለት እንጂ!"

"ገና ነው እማ። በሩን… አልቻልኩበትም።"

ዋሻት። በሩን የሚከፍተው አንድ ቀይ ጡብ ነው። ግን እንዴት አድርጎ ይክፈተው? ልጄ ገባ ብላ ደስ ብሏት ልትሰነብት፣ እሑድ ሊያረዷት?

ዓርብም ለመነችው። ቅዳሜ ሲመሻሽ እሱን መለመኑን ትታ ከስልኩ ጋር በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ በኽምጣንጋ ታወራ ጀመር። "ባዶ እጁን ስለመጣ አፍሮ ነው። ግባ ልጄ። ማን ምን አምጣ አለህ? ባዶ እጅህን ግባ።"

ሰጠኝ ስልኩን ተቀብሎ ቀዩን ጡብ አስገባና መለሰላት። ተጫነች። በሩ ተከፈተ። ሰውዬው ገባ፤ እንደገባም ቁልቁል ወረደ፣ ወረደ፣ ከስልኩ ግርጌ ወጥቶ ጠፋ።

ለካ ሰጠኝ የቤቱን ወለል አልሠራውም። ይገባል ብሎ መቼ አስቦ!

"ወዴት ሄደ?"

"ወለሉን ረስቼው ነው፤ አሁን እሠራዋለሁ፣ አሁን" አለ። ጡቡን ግን ቢነካው ቢነካው አልያዝ አለው።

እናቱ ስልኩን ትታ ፊቱን አየችው።

"ሽማግሎቹ መቼ ነው የሚመጡት?" አለችው።

ሰጠኝ ስልኩን አስቀምጦ አጠገቧ ቁጭ አለ።

ጎሕ ሲቀድ አያ ደጅይጥኑ ዘመዶቹን አስከትለው ደረሱ። እንዴት አድርገን እንጀምርላት እያሉ ነበር የመጡት። በሩ ተከፍቷል። ተዋበች ነጠላዋን ዘቅዝቃ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ሰጠኝ አጠገቧ ነው።

"ግቡ" አለቻቸው።